የ58 ልጆች መጠይቅ፣ 16 «አሳሳቢ» ልጆች፦ ቁጥሩን ምን ያህል እንመነው?

አስተባባሪዋ

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል መዋዕለ ሕፃናት የኬጂ 2 እና የኬጂ 3 አስተባባሪ ነኝ። ባለፈው ወር አንድ የማማከር ድርጅት የልጆቹን ማኅበራዊና ስሜታዊ ሁኔታ እንለይላችሁ ብሎን፣ ብሪታንያዊው የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም ሮበርት ጉድማን በ1997 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን ኤስዲኪው የተባለ ባለ 25 ዐረፍተ ነገር መጠይቅ በአማርኛ፣ በጉግል ፎርም ለወላጆች ላከ። ከ62 ወላጆች 58ቱ ሞሉት። የመምህራኑን ቅጽ በወረቀት ያስሞላሁትም ነጥቡን የደመርኩትም እኔ ራሴ ነኝ።

በድርጅቱ ሪፖርት መሠረት በወላጆች መልስ 16 ልጆች 17 ነጥብና ከዚያ በላይ አግኝተው «አሳሳቢ» በሚለው ረድፍ ገብተዋል። በመምህራን መልስ፣ መለያው 16 ነጥብ ሆኖ፣ የገቡት 7 ልጆች ብቻ ናቸው። በሁለቱም በኩል የተያዙት 4 ናቸው። ርእሰ መምህሩ ለ16ቱ ወላጆች ደብዳቤ እንድልክ አዝዘውኝ ደብዳቤው ተጽፎ ጠረጴዛዬ ላይ አለ፤ አልፈረምኩበትም። ሪፖርቱ መግቢያው ላይ «የመጠይቁ አስተማማኝነትና ተገቢነት በዓለም አቀፍ ደረጃ የተረጋገጠ ነው» ይልና ከሠንጠረዡ ግርጌ በትንንሽ ፊደል «የድምር ነጥብ ክሮንባክ አልፋ 0.51» ብሎ ያልፋል።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ወላጅና መምህር ይህን ያህል ካልተስማሙ መጠይቁ ምን ለካ? ይህን ቁጥር ይዤስ ለአንዲት እናት «ልጅሽ ችግር አለበት» ማለት እችላለሁ?

መለኪያ

እህቴ፣ አለመፈረምዎ ደግ ነው። ትምህርታዊ ምዘና ስለማስተምር ከቃላቱ ልጀምር።

አስተማማኝነት ማለት ያንኑ ልጅ ደግመን ብንለካው፣ ሌላ ሰው ቢለካው፣ ወይም አንድን ነገር ለመለካት የተሰለፉትን ጥያቄዎች እርስ በርስ ብናስተያያቸው ውጤቱ ምን ያህል ይቀራረባል የሚለው ነው። ተገቢነት ደግሞ ያ ውጤት እኛ የምንሰጠውን ትርጉምና በእሱ ላይ የምንመሠርተውን ውሳኔ ይሸከማል ወይ የሚለው ነው። ስለዚህ «ተገቢነቱ የተረጋገጠ መጠይቅ» የሚለው አነጋገር ለማን፣ በየትኛው ቋንቋ፣ ለየትኛው ውሳኔ የሚል ካልተጨመረበት ጎዶሎ ነው። የሁለት ቡድኖችን አማካይ ለማነጻጸር የሚበቃ መሣሪያ ለአንድ ልጅ ቤተሰብ ደብዳቤ ለመጻፍ ላይበቃ ይችላል።

የወላጅና የመምህር አለመስማማት ያን ያህል አያስደንግጥዎ። የልጆች ሥነ ልቦና ተመራማሪው አኸንባክና ባልደረቦቹ በ1987 እ.ኤ.አ. 119 ጥናቶችን አሰባስበው ሲያዩ፣ ልጁን በተመሳሳይ ቦታ በሚያዩት በእናትና በአባት መካከል ያለው ተዛምዶ (1 ሙሉ መስማማት፣ 0 ምንም ዝምድና አለመኖር ነው) በአማካይ 0.60 ሲሆን፣ በተለያየ ቦታ በሚያዩት፣ ለምሳሌ በወላጅና በመምህር መካከል፣ 0.28 ብቻ ነበር። ጉድማን ራሱ በ2001 እ.ኤ.አ. ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 15 የሆኑ 10,438 የብሪታንያ ልጆችን መረጃ ተንትኖ በመላሾች መካከል በአማካይ 0.34፣ የጥያቄዎቹን የውስጥ ስምምነት 0.73፣ ከአራት እስከ ስድስት ወር ቆይቶ ሲደገም ያለውን መረጋጋት 0.62 አግኝቷል። ቤት ውስጥ የሚያስቸግር ልጅ ክፍል ውስጥ በግ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም መላሾች እውነት ተናግረው ይሆናል።

ያሳሰበኝ 0.51 ነው። አልፋ የጥያቄዎቹን የውስጥ ስምምነት የሚያሳይ፣ የጥያቄው ብዛት በጨመረ ቁጥርም ከፍ የሚል ቁጥር ስለሆነ፣ አምስት ጥያቄ ብቻ ባለው ንዑስ ክፍል ላይ ባየው ብዙም አልገረምም። የችግር ድምሩ ግን፣ ከ25ቱ ለሌሎች ማሰብን የሚጠይቁት አምስቱ ተትተው፣ ከ20 ጥያቄ የሚሰላ ነው፤ እዚያ ላይ 0.51 ጢስ ነውና እሳቱ ይፈለግ። ከ20ዎቹ መካከል አምስቱ በበጎ ጎናቸው የተጻፉ ናቸው፦ ልጁ ታዛዥ ነው፣ ቢያንስ አንድ ጥሩ ጓደኛ አለው፣ ሌሎች ልጆች ይወዱታል፣ ከማድረጉ በፊት ያስባል፣ የጀመረውን ይጨርሳል። «በእርግጥ እውነት ነው» የሚለው መልስ ሌሎቹ ላይ 2 ሲያሰጥ እነዚህ ላይ 0 ነው የሚያሰጠው። የኤክሴሉን ቀመር ያስልኩና አምስቱም መገልበጣቸውን ይዩ።

ነጭ ጠመኔ

እኔ የምናገረው ከቀመሩ በፊት ስላለው ነገር ነው። የኬጂ መምህርት ነኝ፤ አምና በአንድ ዓርብ ከሰዓት 38 ቅጽ እንድሞላ ተሰጥቶኝ ነበር። የመጀመሪያዎቹን አሥር ልጆች አንድ በአንድ እያሰብኩ ሞላሁ። ወደ ሃያዎቹ ስደርስ ግን ስሙን ሳነብ መልሱ አብሮ ይመጣልኝ ጀመር፤ ረባሽ ያልኩትን ልጅ፣ አንድም ቀን ሲፈራ አይቼው ባላውቅም፣ «ብዙ ይፈራል» በሚለው ላይ ሳይቀር 2 ሰጥቼው አገኘሁት። ተመልሼ አስተካከልኩ፤ ያልተመለስኩባቸው ስንት እንደሆኑ ግን እንጃ።

ሁለተኛው ነገር፣ አንዳንዱ ዐረፍተ ነገር በእኛ ቤት ሌላ ትርጉም አለው። «ከሌሎች ልጆች ይልቅ ከአዋቂዎች ጋር ይስማማል» የሚለው እንደ ችግር የሚቆጠር ነው። እንግዳ ሲመጣ እጅ የሚያስታጥብ፣ ከትልልቆች አጠገብ ቁጭ ብሎ ጨዋታ የሚያዳምጥ ልጅ በእኛ ዘንድ አስተዋይ ተብሎ ይመረቃል እንጂ እኩዮቹን ሸሸ አይባልም። በተቃራኒው ፍርሃት የያዘው፣ ስሙ ሲጠራ ዓይኑ እንባ የሚያቀር ልጅ «ጨዋ ነው» ተብሎ ይታለፋል።

ሌላም አለ። ብዙ እናቶች ልጃቸውን በሰው ፊት ማሞገስ ይከብዳቸዋል፤ ዓይን ይበላዋል ብለው የሚፈሩም አሉ። «ሌሎች ልጆች ይወዱታል?» ሲባሉ «ኧረ እንዲያው በመጠኑ» ይላሉ። መለኪያ የዘረዘሯቸው አምስቱ በጎ ጥያቄዎች ላይ እንዲህ ያለች ትሑት እናት በየአንዳንዱ 1 ነጥብ ብታስመዘግብ፣ ልጁ ምንም ሳያጠፋ 5 ነጥብ ተሸክሞ ይጀምራል።

አስተባባሪዋ

መለኪያ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፋይሉን አስልኬ ዛሬ ጠዋት ከአንድ የሒሳብ መምህር ጋር አየነው። ሦስቱ ተገልብጠዋል፤ «ታዛዥ ነው» እና «ጥሩ ጓደኛ አለው» የሚሉት ግን እንዳሉ ተደምረዋል። ታዛዥ የሆነና ጓደኛ ያለው ልጅ ሁሉ 4 ነጥብ ያለ ኃጢአቱ ተጭኖበታል ማለት ነው። አስተካክለን ስንደምር ከ16ቱ 8ቱ ከመለያው በታች ወረዱ።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን የወረዱት አይደሉም። 15 ነጥብ ላይ የነበረ አንድ ልጅ ወደ 19 ወጣ። የማይታዘዝና ጓደኛ የሌለው ልጅ በተሳሳተው ቀመር በሁለቱ ጥያቄዎች ዜሮ ዜሮ ተሰጥቶት ተደብቆ ነበር። በመምህርቱ መልስ ከተያዙት 7 ልጆች አንዱ እሱ ነው። አሁን በወላጅ በኩል 9፣ በመምህር በኩል 7፣ በሁለቱም 5 ናቸው። አልፋውም 0.74 ሆነ።

ቆጣሪው

ለዓመታት በጤና ጥናቶች ላይ መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ስለሠራሁ ጥቂት ልጨምር።

መጀመሪያ፣ ይህ መጠይቅ የባለቤትነት መብቱ የተጠበቀ ነው፤ በወረቀት ለትርፍ ላልሆነ ሥራ በነጻ ይፈቀዳል እንጂ ያለ ፈቃድ በኤሌክትሮኒክስ ቅጽ ማሰራጨትም ሆነ የራስን ትርጉም ማዘጋጀት አይፈቀድም። የተፈቀደ የአማርኛ ቅጂ ስላለ የተላከላችሁን ቃል በቃል ከእሱ ጋር አስተያዩት። ጉዳዩ የሕግ ብቻ አይደለም፤ አንድ ቃል በተለወጠ ቁጥር ቀደም ሲል የተገኘው የአስተማማኝነት ማስረጃ የዚያ የተለወጠው ቅጂ ማስረጃ መሆኑ ያጠራጥራል።

ሁለተኛ፣ በጉግል ፎርም ማን እንደሞላው በምን ታውቃላችሁ? እናትየው ሥራ ውላ ሞግዚቷ ወይም ታላቅ እህቱ ሞልታው ይሆናል። እኛ ገጠር ውስጥ ማንበብ ለማይችሉ እያነበብን ስናስሞላ ሌላ ፈተና ነበረብን። «እውነት አይደለም፣ በመጠኑ እውነት ነው፣ በእርግጥ እውነት ነው» የሚሉትን ሦስት ምርጫዎች አንብቤ ስጨርስ የምሰማው ብዙ ጊዜ «እንዴ፣ ልጅ አይደል!» የሚል ነበር። ይህን መልስ 0፣ 1 ወይም 2 የማደርገው እኔ ነኝ፤ ጓደኛዬ ሌላ ቁጥር ያደርገዋል። በሁለት ጠያቂዎች መካከል ያለውን ስምምነት ያልፈተሸ ጥናት የሚለካው ጠያቂውንም ጭምር ነው።

ሦስተኛው ስለ ሆድ ነው። «ብዙ ጊዜ ራሱን ወይም ሆዱን ያመዋል» የሚለው ጥያቄ የሚቆጠረው ከስሜት ችግሮች ጋር ነው፤ ጭንቀት በልጆች ላይ ብዙ ጊዜ በሕመም መልክ ስለሚወጣ ሐሳቡ ትክክል ነው። ነገር ግን ጃርዲያና ወስፋት በሞላበት ሰፈር ሆዱን ያመመው ልጅ በእርግጥ ሆዱን አሞት ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል ደግሞ በአማርኛ ኀዘንና ቅሬታ የሚያድረው ሆድ ውስጥ ነው፤ ሆድ ይብሳል፣ ሆድ ይሸፍታል። መልሶ ወደ እንግሊዝኛ በመተርጎም ብቻ ይህ ልዩነት አይገኝም፤ ቃሉ ሄዶ ሳይለወጥ ይመለሳልና። እናቶችን አስቀምጦ «ይህን ሲሉ ምን ማለትዎ ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በአገራችን ጠንቃቃ ሥራ የለም እንዳይባል፦ ዶክተር ምኒልክ ደስታ በ2008 እ.ኤ.አ. በስዊድን ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ሥራ በአዲስ አበባ ልጆች ላይ ያደረጉት ጥናት፣ መጀመሪያ አርኪውሲ በተባለው ባለ 10 ጥያቄ አጭር መጠይቅ ልየታ ተደርጎ፣ ቀጥሎ ዲአይሲኤ በተባለ ረጅም ቃለ መጠይቅ የተጣራበት ነው። አጭሩ መጠይቅ ብቻውን ፍርድ አልሰጠም።

የሁለት ልጆች እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

በአሜሪካ ያለውን ላካፍላችሁ። ልጄ ሄድ ስታርት የተባለው፣ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ቤተሰቦች ልጆች የተዘጋጀው የመንግሥት ቅድመ ትምህርት ፕሮግራም ስትገባ በመጀመሪያዎቹ 45 ቀናት ውስጥ ልየታ ይደረግላት ዘንድ ደንቡ ያዛል። የተሰጠኝ በኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተዘጋጀው ኤኤስኪው የተባለው የእድገት መጠይቅና የእሱ ማኅበራዊና ስሜታዊ ክፍል ነበር። አስተርጓሚዋ በስልክ ነበረች።

የሚያስቅ ነገር ልንገራችሁ። ታናሽየው ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆን በመጣልን የእድገት መጠይቅ ላይ «በሹካ ይበላል ወይ?» የሚል ጥያቄ አለ። ቤታችን እንጀራ ነው የሚበላው፤ ልጁ ቆርሶ፣ ወጡን አጥቅሶ፣ ለአባቱ ሳይቀር ያጎርሳል። እኔ ግን በቅንነት «ገና ነው» አልኩና ዜሮ ተጻፈለት። ጠያቂዋ ጎበዝ ነበረችና «በእጁ ምን ምን ያደርጋል?» ብላ ስትጠይቀኝ ነው ነገሩ የተቃናው።

ሌላም ግራ ያጋባኝ ነገር፣ በእድገቱ መጠይቅ ብዙ ነጥብ ጥሩ ነው፤ በማኅበራዊና ስሜታዊው ደግሞ ብዙ ነጥብ አሳሳቢ ነው። ከአንድ ቤት የወጡ ሁለት ወረቀቶች በተቃራኒ አቅጣጫ ይነበባሉ። ትልቋ ልጄ በትምህርት ቤት ለሦስት ወር አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ቤት ስትገባ በአማርኛ ጆሮ ታደነቁራለች። የመምህርቷ ቅጽና የእኔ ቅጽ የሁለት የተለያዩ ልጆች ይመስሉ ነበር። መለኪያ ያነሱት 0.28 ለእኔ ቁጥር አይደለም፤ ኖሬዋለሁ።

ነርሷ ከሐዋሳ

ሁላችሁንም በአክብሮት አነበብኩ፤ አንድ ነገር ግን አልተመቸኝም። ጥርጣሬያችን እየበዛ ሲሄድ መጠይቁን ጥሎ መሄድ ይከተላል፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ የሚቀረን «ሲያድግ ይተወዋል» የሚለው የተለመደው ምክራችን ነው። እኔ በምሠራበት ክፍል ልጆች የሚመጡት ስድስትና ሰባት ዓመት ሞልቷቸው ትምህርት ቤት ካባረራቸው በኋላ ነው፤ እናቶቻቸውን ስጠይቅ ሦስት ዓመቱ ላይ ተጨንቀው እንደነበር ይነግሩኛል። የጠየቃቸው ሰው ግን አልነበረም። ደካማ መጠይቅም ቢሆን መጠየቅ ነው።

ለአስተባባሪዋ የምለው፣ የኤስዲኪው ሁለተኛ ገጽ ተልኮላችኋል? እዚያ ላይ ወላጁ ልጁ ችግር አለበት ብሎ ያምን እንደሆነ፣ ከጀመረ ስንት ጊዜ እንደሆነው፣ ልጁን ያስጨንቀው እንደሆነ፣ የቤት ኑሮውን፣ ጓደኝነቱን፣ ትምህርቱንና ጨዋታውን ያደናቅፍ እንደሆነ ይጠየቃል። 18 ነጥብ አግኝቶ ኑሮው ያልተደናቀፈ ልጅና 14 አግኝቶ በየማታው የሚያለቅስ ልጅ ቢመጡልኝ መጀመሪያ የማየው ሁለተኛውን ነው።

መለኪያ

ነርሷ ልክ ናቸው፤ የሁለተኛውን ገጽ ነገር እኔ ማንሳት ነበረብኝ። ያለ ልየታ መቅረትንም አልመክርም። ሆኖም ደብዳቤ ከመላክ በፊት ርእሰ መምህሩ ሁለት ስሌት ቢያዩ እወዳለሁ።

አንደኛው፦ ከ1000 ልጆች 100ዎቹ እርዳታ የሚያሻው ችግር አለባቸው እንበል። መጠይቁ ችግር ካለባቸው ከ100 ሰማንያውን የሚይዝ፣ ከሌለባቸውም ከ100 ሰማንያውን በትክክል የሚያሳልፍ ቢሆን፣ 80 ልጆች በትክክል ይያዛሉ፣ 20 ያመልጣሉ፣ ችግር ከሌለባቸው 900 መካከል ደግሞ 180 በስህተት ይያዛሉ። ደብዳቤ ከሚደርሳቸው 260 ቤተሰቦች ልጃቸው በእርግጥ ችግር ያለበት 80ዎቹ ብቻ ናቸው፤ ከሦስት አንድ እንኳ አይሞላም። ይህ የሚሆነው መጠይቁ መጥፎ ሆኖ ሳይሆን ችግሩ የሌለባቸው ልጆች እጅግ ስለሚበዙ ነው።

ሁለተኛው፦ የድምር ነጥቡ አስተማማኝነት 0.82፣ መደበኛ ልይይቱ (የልጆቹ ነጥብ የመበታተኑ ልክ) 6 ቢሆን፣ የልኬቱ መደበኛ ስህተት ወደ 2.5 ነጥብ ይጠጋል። እንግዲያው የዚህን እጥፍ ወደላይም ወደታችም ብንወስድ፣ 17 ያገኘ ልጅ እውነተኛ ነጥቡ ከ12 እስከ 22 ባለው ውስጥ የትም ሊሆን ይችላል። በወላጅ ቅጽ እስከ 13 «ደህና»፣ ከ14 እስከ 16 «አጠራጣሪ»፣ ከ17 ጀምሮ «አሳሳቢ» ስለሆነ፣ ይህ አንድ ልጅ ሦስቱንም ረድፍ ይነካል። በእናንተው አልፋ፣ በ0.74፣ ብናሰላው ደግሞ ክልሉ ይበልጥ ይሰፋል።

የመለያ ነጥቦቹም ከሰማይ የወረዱ አይደሉም። የተመረጡት ከብሪታንያ ልጆች አሥር በመቶ ገደማው «አሳሳቢ»፣ ሌላ አሥር በመቶው «አጠራጣሪ» ላይ እንዲወድቅ ተደርጎ ነው። ከ58 ልጆች 9 መገኘታቸው የእናንተ ልጆች ከእነዚያ የባሱ ናቸው ወይም እናቶቻችሁ ሲመልሱ ይለያሉ የሚለውን አይነግረንም። ስለ ንዑስ ክፍሎቹም ቢሆን፣ በ2010 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት አና ጉድማንና ባልደረቦቿ በአብዛኛው ችግር በሌለባቸው ልጆች ላይ አምስቱን ለየብቻ ከማንበብ ይልቅ ወደ ውስጥ የሚያስጨንቁና ወደ ውጭ የሚገለጡ በሚል በሁለት ሰፋፊ ክፍሎች ማንበብ እንደሚሻል አሳይተዋል። ሪፖርታችሁ ላይ በአምስት ቀለም የተሠራው ግራፍ ለዓይን ያምራል፤ ብዙ ክብደት አይስጡት።

አስተባባሪዋ

ሳምንት ቆይቼ ተመለስኩ፤ ይቅርታ። ድርጅቱ የላከው ቅጂ የራሱ ትርጉም ሆኖ ተገኘ፤ ሁለተኛው ገጽም አልነበረበትም። የተፈቀደውን ቅጂ በወረቀት አትመን የ9ኙን ልጆች እናቶች፣ በተጨማሪም በመምህር በኩል ብቻ የተያዙትን የ2ቱን ልጆች እናቶች፣ ልጆቻቸውን ሲያደርሱ አንድ በአንድ ሻይ ጋብዘን አነጋገርናቸው። ደብዳቤው ቀርቷል። ርእሰ መምህሩ የ260ውን ስሌት በእጃቸው ደግመው ከሠሩት በኋላ ብዙ አልተከራከሩም።

የቆጣሪውን ምክር ይዤ ስለ ሆድ ሕመሙ ጠየቅኩ። ሦስት እናቶች «በእርግጥ እውነት ነው» ብለው ሞልተው ነበር። አንደኛዋ «ጃርዲያ ነው፣ መድኃኒት ጨርሶ ድኗል» አለችኝ። ሁለተኛዋ ቁርስ ሳይበላ ስለሚወጣ ነው አለች። ሦስተኛዋ የዚያ ወደ 19 የወጣው ልጅ እናት ናት። «ሆዱን የሚያመው ሰኞ ሰኞ ነው፤ በሩ ጋ ስንደርስ ቀሚሴን ይዞ ሆዴን ይላል፤ ቅዳሜና እሑድ ግን አንድም ቀን ብሎ አያውቅም» ብላኝ ዝም አለች። ሦስቱም መልሶች በቅጹ ላይ አንድ ዓይነት 2 ናቸው። ለዚያ ልጅ በሁለተኛው ገጽ ላይ ጓደኝነትና ትምህርት «በጣም» ተብሎ ተሞልቷል፤ በእናቱ ፈቃድ ወደ ሕፃናት ሐኪም ልከነዋል። ሌሎቹን መምህርቶቻቸው በየሳምንቱ እየተከታተሏቸው ነው።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ለሁሉም ልጆች በተፈቀደው ቅጂ እንደገና ማስሞላት እንፈልጋለን። አሁን ወዲያው ይሻላል ወይስ ከፋሲካ በኋላ?

መለኪያ

የአስተማማኝነቱን ነገር ለማየት ከሆነ፣ የተፈቀደውን ቅጂ አሁን ያስሞሉና ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ለጥቂት ፈቃደኛ ወላጆች ያንኑ ይድገሙት፤ ልጁ ያልተለወጠበት፣ ወላጁም የመለሰውን የረሳበት ጊዜ ነው። የልጆቹን ለውጥ ለመከታተል ከሆነ ግን መጠይቁ የሚጠይቀው ስላለፉት ስድስት ወራት መሆኑን አይርሱ፤ ስላለፈው አንድ ወር የሚጠይቅ የክትትል ቅጽ ለብቻው አለ። ከፋሲካ በኋላ የሚለው ለዚያኛው ይሆናል። በሁለቱም ጊዜ የሚሞላው ያው አንድ ሰው ይሁን፤ ቅጹ ላይም «የሞላው፦ እናት፣ አባት፣ ሌላ» የሚለውን ባዶ አትተዉት።